ከምልክቱ አንድ ጣት በታች

ባለፈው ሳምንት ለእህቴ ልጅ ሰርግ ቀሚስ ላሰፋ ኮልፌ ገበያ ጀርባ ወዳለች አንዲት ልብስ ሰፊ ሄጄ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ትከሻዬ ላይ ይዛ፣ «እማማ፣ እስቲ ቀና ይበሉልኝ» አለችኝ። «ቀና ብያለሁ እኮ» አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ይህንኑ መልስ በአሥራ ሰባት ዓመቴም ሰጥቼው እንደነበር ትዝ አለኝ።

በልጅነቴ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ በአንድ ራስ እበልጣቸው ነበር። ቅቤ ነጋዴዋ እናቴ በዚህ ነገር እንቅልፍ አልነበራትም። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ዝቅ በይ እንጂ! ይሄን ቁመት አይቶ ማን ይጠይቅሻል? ቆመሽ እንዳትቀሪ» ትለኝ ነበር። ክፋት አልነበረባትም፤ ፈርታልኝ ነው። እኔም ትከሻዬን ሰብሬ፣ አንገቴን ቀብሬ መሄድ ለመድኩ። የሚገርመው፣ ኋላ ያገባኝ ሰው ቁመቴን ወድዶ ነው።

አንድ ጥር ላይ ለቀዘፋ ቡድን ልጃገረዶች ይፈለጋሉ ተባለና የስፖርት አስተማሪያችን ስድስታችንን ደብረ ዘይት ወሰደን። መንገዱ ዳር እሸት ሽምብራ ይሸጥ ነበር። ገዝተን እየፈለፈልን ሐይቁ ጋ ስንደርስ ከንፈራችን ኮምጠጥ ብሏል።

ያን ያህል ውሃ አይቼ አላውቅም። ጀልባው ላይ ተቀምጬ መቅዘፊያውን ስስብ ግን የማፍርበት እግርና ክንዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘ። ሽበታሙ አሰልጣኝ ከዳር ሆነው፣ «አያችሁ? ቀዘፋ ጉልበት ብቻ አይደለም። ረጅም ሰው መቅዘፊያውን ከሩቅ አንስቶ ብዙ ውሃ ይስባል። ይቺ ልጅ አንዴ ስትስብ እናንተ ሁለቴ ነው» አሉ። ቁመቴ ሲመሰገን የሰማሁት ያን ቀን ነው። እዚያ ጀልባ ላይ መቅረትን የፈለግሁትን ያህል ከዚያ በኋላ የፈለግሁት ነገር የለም።

ከምሳ በኋላ ቁመት ተለካ። የጀልባ ማስቀመጫው ግድግዳ ላይ በከሰል የተሰመረ ምልክት ነበር፤ ከሱ በታች የሆነች አትመዘገብም። ተራዬ ሲደርስ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ቆምኩ። ሁሉም ያየኛል።

«ቀና በይ» አሉኝ አሰልጣኙ።

«ቀና ብያለሁ፣ ጋሼ።»

ምልክቱንም እኔንም ደጋግመው አዩ። «አንድ ጣት ጎደለሽ። ጀልባው ላይ ረዝመሽ ታይተሽኝ ነበር። ደንብ ነው፣ ምን ላድርግ ልጄ?»

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሳለቅስ ጓደኛዬ ዘነቡ እጄን ይዛ፣ «ጉልበትሽ እኮ ታጥፎ ነበር፤ ትከሻሽም ወርዶ» አለችኝ።

«አንቺ! ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሁልጊዜ እንደዛ አይደለሽ እንዴ? ቁመትሽ እሱ መስሎኝ ነዋ።»

እቤት ገብቼ አላለፍኩም ስላት እናቴ «ተመስገን» አለች።

እናቴ ያረፈችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። በመጨረሻዋ ሰሞን አልጋዋ ላይ አጥሚት ሳጠጣት ሽቅብ አየችኝና፣ «ልጄ፣ ምነው ጎበጥሽ? መለሎ አልነበርሽ እንዴ?» አለችኝ። ስንት ዓመት ያስቀመጥኩት መልስ ነበረኝ። ግን ለሚሞት ሰው ምን ይባላል? «እርጅና ነው፣ እማዬ» አልኳት።

አሁን የማዝነው ለጀልባው አይደለም። ምን ያህል እንደምረዝም አንድም ቀን ሳላውቅ ማርጀቴ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን ከትከሻዬ ቁልቁል ለቃ ጠመኔዋን ይዛ ተንበረከከች። «እማማ፣ ጎንበስ ስለሚሉ ከፊት መሬት ይነካል። ሁለት ጣት ላሳጥረው?»

ጀርባዬን ግድግዳዋ ላይ ለጥፌ ቀና ለማለት ሞከርኩ። አመመኝ።

«እሺ» አልኳት፤ «አሳጥሪው።»