በዶሮ ላባ የተያዘ ዓሣ

ትራውት የሚባለውን ዓሣ ያየሁት በስልኬ ብቻ ነው። ከጉና በሚወርደው ወንዛችን ውስጥ የለም፤ ያለው ስንዝር የማይሞላ ነጭ ዓሣ ነው። አጠማመዱን ግን ከቪዲዮ ተማርኩ። መንጠቆው ላይ ላባ ጠምጥመህ ዝንብ ታስመስላለህ፤ ዝንቡ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ዓሣው ተታልሎ ይጎርሰዋል። ላባውን የማገኘው ከአክስቴ ገብስማ አውራ ዶሮ አንገት ነው። እንዳይሰምጥ የጧፍ ሰም እቀባዋለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ከጋፋት በታች ቆሜ የያዝኩት የገዛ ኮፍያዬን ነው። ሁለት ጊዜ።

በነቢያት ጾም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ዓሣ ያዝኩ። ይዤው እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። አክስቴ ሽንኩርት ጣደች፤ የንስሐ አባታችንንም አስጠራች። ገና ከቅዳሴ መውጣታቸው ነበር፤ እህል አልቀመሱም።

"በምን ያዝኸው?" አሉኝ መምሬ።

ዝንቡን መዳፋቸው ላይ አኖርኩ። "በዚህ ነው አባ። ስምንት ዙር የዶሮ ላባ ነበረው። አሁን ስድስት ዙር ነው።"

አክስቴ ማማሰሏን አቆመች። "ይኸን ቆጥረህ መናገር ምን አስቸኮለህ?"

"ጠየቁኝ እኮ።"

መምሬ ዝንቡን አገላብጠው አዩት። "በዚህ ጾም ዓሣ አልከለክልም። ዶሮ ግን እከለክላለሁ። የጎደለውን ላባ ውጦት ከሆነስ?"

"እስከ ገና እንዳናቆየው ይሸታል አባ" አለች አክስቴ።

መምሬ ድስቱን አዩ፤ ዓሣውን አዩ። "ሆዱ ይከፈት።"

ቀደድኩት። ላባ የለም። ሆዱ በእውነተኛ ዝንቦች ጢም ብሏል።

መምሬ አጎንብሰው ተመለከቱ። "ጾሙንስ የሻረው እሱ ነው" አሉ። "እኛ ንጹሕ ነን። ጨምሪው።"

እኔ ግን ከዝንቦቹ መነሣት አቃተኝ። በመርፌ ጫፍ እየለየሁ ደረደርኳቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። ክንፋቸው እንደ እኔ የላባ ዝንብ አመድማ ነው፤ ቁመታቸው ግን የእኔን ግማሽ አይሞላም። ሦስት ወር ሙሉ በሬ የሚያህል ዝንብ ስወረውር ኖሬአለሁ። የተያዘልኝ ዓሣ ወይ ዓይኑ ደካማ ነው፣ ወይ ሆዳም።

ቀና ስል ሳህኑ ላይ ጭንቅላቱ ብቻ ቀርቷል።

"ጠርተንህ ነበር" አለች አክስቴ ጣቷን እየላሰች።

"ሁለት ጊዜ" አሉ መምሬ።

እጃቸውን ታጥበው ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ። "የእኔ አውራ ዶሮ ላባው አጠር ያለ ነው" አሉኝ። "ነገ መጥተህ እየው።"