«በጃንሆይ አምላክ» ያልኩ ቀን

ይህ ነገር የደረሰብኝ በጣልያን ጊዜ፣ ደብረ ማርቆስ ገበያ መግቢያ ላይ ነው። እኔ ፊደል ስላልቆጠርኩ የሚጽፍልኝ ልጄ ነው። ከአፌ በወጣ አንድ ቃል ልሰቀል ነበር፤ እንዴት ይረሳል?

ቅዳሜ ነበር። እኔና ባለቤቴ አንድ ሙክት ይዘን ከመንደራችን ከአምበር መጣን፤ እሱን ሸጠን ጨውና አቡጀዲ ልንገዛ። ኬላው ላይ ለጣልያን ያደረ ያገራችን ሰው ፖሊስ ሆኖ ቆሟል። ቋንቋቸውን ስለሚያውቅ ለጣልያኑ አለቃው የሚያስተረጉምለትም እሱው ነው። ዶሮም ቢሆን ቅቤም ቢሆን ከገበያተኛው ይነጥቃል። ለማን አቤት ይባላል? ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

የእኛንም ሙክት ገመዱን ያዘ። ባለቤቴ «አልለቅም» አለ።

ፖሊሱ «መንግሥትን ሰደብክ!» ብሎ በጠመንጃው ሰደፍ አፉን አለው። ባለቤቴ ወደቀ። ይህን ጊዜ ጣልያኑ አለቃ ከቢሮው ወጣ። ሊያስቆመው መሰላችሁ? በእጁ «ጨምርለት» አለው እንጂ!

ሰደፉ እንደገና ሲነሳ እኔ አበድኩ። አፌ ከልጅነቱ የለመደውን አወጣው፤ «በጃንሆይ አምላክ! ቁም!»

ወይኔ ጉዴ! ጃንሆይ በስደት ናቸው፤ ስማቸውን የጠራን ሰው የሚጠብቀው መሰቀያ ገመድ ነው። ቀድሞ ግን በዚህ ስም ቁም የተባለ ሰው፣ ሊገድል ሰይፍ ቢያነሳ እንኳ፣ ካለበት አይነቃነቅም ነበር። ፖሊሱም ያገር ልጅ ነውና ሳያስበው ቆመ። ሰደፉን እንዳነሳ ደርቆ ቀረ።

አለቃው በቋንቋው ጮኸበት። ምን አለች፣ ለምን ቆምክ ማለቱ እንደሆነ ለማንም ይገባል። ፖሊሱ ዞሮ አየኝ። እውነቱን ቢናገር እሱ ይሸለማል፣ እኔ እሰቀላለሁ።

በጣልያንኛ አንድ ነገር መለሰለት። አለቃው መጥቶ በጥፊ መታው፤ ትጥቁን አስፈታው፤ ልብሱን አስወልቆ እዚያው ገበያተኛው ፊት በጅራፍ አስገረፈው። እኛን ዞር ብሎ ያየን የለም።

ምን ብሎ እንደመለሰ የነገረን፣ አጠገባችን የነበረ ጣልያንኛ የሚሰማ የጨርቅ ነጋዴ ነው። «‹ስለ ማርያም ብላ ለመነችኝ፤ አሳዘነችኝ› ነው ያለው። በሥራህ ላይ አዝነሃል ተብሎ ነው የተገረፈው» አለን። ስንቱን ሲዘርፍ አለቃው እያየ ዝም ያለው ሰው፣ አዘነ ተብሎ ተገረፈ!

ጣልያን ሲወጣ ያ ፖሊስ ዳኛ ፊት ቀረበ፤ የተበደለ ይናገር ተባለ። ባለቤቴ አፉን ከፍቶ የወለቁ ጥርሶቹን ቦታ አሳየ። እኔም ስጠራ መምታቱንም መዝረፉንም ተናገርኩ። ቀጥዬ ደግሞ ለምን እንደተገረፈ ተናገርኩ። ዳኛው ፍርዱን አቀለሉለት።

ባለቤቴ መንገዱን ሙሉ ቀድሞኝ ሄደ። ቤት ስንደርስ «ለእሱ ቆምሽለት?» አለኝ። እስኪሞት ድረስ ነገሩ ከሆዱ አልወጣም። እኔንም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ባሌን እወደው ነበር፤ ላስከፋው አልፈለግሁም። ግን ያ ሰው ስለ እኔ ሲገረፍ ቆሜ አይቻለሁ፤ ምን ብዬ ልዋሽ?