«በረጅሙ ተንፍሺ» ሲሉኝ

ዛሬም ቢሆን «ረጋ በይ፣ በረጅሙ ተንፍሺ» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ንዴቴ ይመጣል። አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ቃል ተሰቃይቻለሁ።

ጂንካ ተመድቤ ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት አውቶቡስ የምናገኘው አልፎ አልፎ ነበር፤ የምንሄደው በጭነት መኪና ነው። ቱርሚ ፈተና ፈትኜ ስመለስ ማሽላ የጫነ መኪና ላይ፣ ከጆንያዎቹ አናት ተቀምጬ ነበር። ካኮ የምትባለውን ትንሽ ከተማ አልፈን ጥቂት እንደሄድን መኪናው መታጠፊያ ላይ ተገለበጠ። ጆንያዎቹ ደረቴ ላይ ተከመሩ። ልጮህ ብል ትንፋሽ አጣሁ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ደርሰው እስኪያነሱልኝ ድረስ ሞቴን ስጠብቅ ቆየሁ።

አጥንቴ ስላልተሰበረ ደህና ነሽ ተባልኩ። ከሳምንታት በኋላ ግን ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳለ ደረቴ ተጨመቀ፣ ጣቶቼ ነዘሩኝ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ። ተማሪዎቼ ፊት መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ይመላለስብኝ ጀመር። ሐኪም ቤት ስሄድ ሐኪሙ ደረቴን አዳምጦ ምንም የለብሽም አለኝና በረጅሙ፣ በኃይል አየር እንድስብ አዘዘኝ። ስስብ ባሰብኝ፤ አዞረኝና እዚያው ወንበሩ ላይ ተዝለፈለፍኩ። እሱ ቀጣዩን ታካሚ ጠራ። ክፍል የምቀርበት ቀን ሲበዛ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ በመምህራን ፊት፣ «መኪና የተገለበጠበት ሁሉ ክፍል አልገባም ካለ በዚህ አገር ትምህርት ቤት አይኖርም» አለ። ከሳቁት መካከል እንደኔው በጭነት መኪና ቱርሚ የሚመላለሱም ነበሩበት።

አከራዬ የአሪ ተወላጅ፣ ደግ ሴት ነበሩ። አንድ እሑድ ከጸሎት ሲመለሱ ማዋለጃ ክፍል በነርስነት የምትሠራውን የእህታቸውን ልጅ ይዘው መጡ። እኔ ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፌ አየር እየጎተትኩ ነበር። ነርሷ አጠገቤ ተንበረከከች።

«አየር አላነሰሽም፤ በዝቶብሻል» አለችኝ። «አትሳቢ፣ አውጪው።»

ብችል ኖሮ በጥፊ በመታኋት ነበር። ታፍኜ እየሞትኩ በዝቶብሻል ትለኛለች። እሷ ግን እጄን ሆዴ ላይ አስቀመጠችና፣ አፌን ዘግቼ በአፍንጫዬ ጥቂት ብቻ እንዳስገባ፣ ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደማቀዘቅዝ ከንፈሬን አሹዬ ቀስ እያልኩ እንዳወጣ አሳየችኝ። ካወጣሁ በኋላም ለመሳብ እንዳልቸኩል፣ ትንሽ እንድቆይ ነገረችኝ። አብራኝ ታወጣ ነበር። መጀመሪያ አልሆነልኝም፤ ደጋግሜ አቋርጬ አየር ጎተትኩ። ቆይቶ ግን የጣቶቼ መንዘር ለቀቀኝ፤ ትከሻዬ ወረደ።

ምጥ ላይ ያሉ ሴቶችን ትንፋሻቸው ሲጣደፍባቸው እንዲህ እንደምትረዳ ነገረችኝ። አለቀስኩ፤ ከደስታ ግን አይደለም። በአንድ እሑድ ከሰዓት የሚነገር ነገር ዓመት ሙሉ የሚነግረኝ አጥቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት፣ ሕመሙ ሳይመጣብኝ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ተለማመድኩት። ከመጣ በኋላ መማር ይከብዳል ብላኛለች ነርሷ።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ርዕሰ መምህሩ ቢሮው አስጠራኝና ከማስተማር አንስቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ሊመድበኝ ማሰቡን ነገረኝ። ደረቴ መጨምደድ ጀመረ። እሱ ሲናገር እኔ አንገቴን ደፍቼ ትንፋሼን በቀስታ አወጣሁ። ያፈርኩ መስሎት ድምፁን አለዘበ።

«ታምሜ ነበር እንጂ አልዋሸሁም» አልኩት። «የተሳለቁብኝ በመምህራን ፊት ነው፤ ይቅርታም የሚጠይቁኝ እዚያው ነው። ክፍሌን አለቅም።»

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ክፍሌም ሳይነካ ቀረ፤ ይቅርታው ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። ሕመሙ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ተወኝ። ርዕሰ መምህሩ በዕድገት ሲዛወር ሽኝት ተዘጋጀለትና ስለ ደግነቱ ንግግር እንዳደርግ ተጠየቅሁ። በዚያ ቀን ቤቴ ውዬ ልብሴን አጠብኩ።