ምድጃው የበረደበት ቀን

ሃያ ሁለት ዓመት የሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ሣጥን የተሸከመውን ጓደኛችንን ምድጃው እንለዋለን። እኛ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ስንወጣ እሱ ግንባሩን እየጠረገ ይወጣል። ተአምር አይደለም። የብረቱ በር ከመከፈቱ በፊት ደወል ይደወላል፤ ሰውነቱ ከደወሉ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ስለሚያውቅ፣ ብርዱ ሳይነካው ቀድሞ ይሞቃል። እኛ ክፉዎቹ ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ ደወሉን እየደወልን፣ ሲያልበው እያየን እንስቃለን።

አንድ ሰሞን ጉንፋን ሲበረታ አለቃችን በሩ ላይ የሙቀት መለኪያ ይዞ ቆመ። ከሠላሳ ሰባት ተኩል በላይ የሆነ አይገባም። ምድጃው ሠላሳ ስምንት ሆኖ ተመለሰ። ቤቱ ሲለካ ደህና ነው፤ ሐኪሙም ጤነኛ ነው ብሎ ወረቀት ጻፈለት። በማግስቱ፣ የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ነውና፣ ደወሉ ሲደወል ያው ሠላሳ ስምንት። አለቃው ወረቀቱን አጥፎ መለሰለት።

«ጋሼ፣ እኔ የማምነው መሣሪያውን ነው። ነገም ከሞቀዎት ከነጭራሹ አይምጡ» አለው።

አራት ልጆች አሉት፤ ሌላ ሙያ የለውም።

«ደወሉን አትስማ፣ በሩንም አትይ» አለችው ሚስቱ፣ ጥጥ እየጠቀለለችለት። በሦስተኛው ቀን ጆሮውን ደፍኖ፣ መሬት መሬት እያየ፣ እጄን ይዞ መጣ። ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት። ፊቱ በራ፤ እኔም ከልቤ ደስ አለኝ።

ለካ ሰውነቱ ወዴት እንደሚሄድ ሳይነገረው ነው የገባው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከንፈሩ ጠቆረ፣ እንደ ጀማሪ ተንቀጠቀጠ። ሣጥኑ ከእጁ አምልጦ ሥጋው ወለሉ ላይ ተበተነ።

አለቃው ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ጋሼ፣ ሲሞቅዎት ሕመም ነው አልን። ሲበርድዎት ደግሞ እርጅና ነው። ሲወጡ ካፖርቱን ያስረክቡ።»

ምድጃው ጥጡን ከጆሮው እያወጣ ወደኛ ዞረ፤ አንዳችን እንዲናገርለት ፈልጎ ነበር። ለምን እንደበረደው ሁላችንም እናውቃለን። ግን ከአምና ጀምሮ ደወሉ ሲደወል የእኔም ጆሮ ይግላል፤ ዛሬ ጠዋት መለኪያው ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሦስት ብሎኛል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሣጥኑን አነሳሁ።