የጾም ቦምቦሊኖ

በጾም ነገር እኔን የሚያህል ጠንቃቃ እዚህ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ውስጥ የለም ብዬ የማስብበት ዘመን ነበር። የብስኩት ማሸጊያ እንኳ ጀርባውን ሳላነብ አልገዛም።

ዐቢይ ጾም በገባ በአራተኛው ቀን፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ላቪንግተን የምትኖር ፖላንዳዊት ደንበኛዬ ቤት ፍሪጅ ልጠግን ሄድኩ። ኩሽናዋ ውስጥ ማርማላታ የተሞላ ቦምቦሊኖ ተከምሯል።

«የእኛ ጾም የሚገባው በሚቀጥለው ረቡዕ ነው። ዛሬ ይህን የማይበላ የለም» አለችኝ።

ጾም የሚለውን ስሰማ ጭራሽ ልቤ አረፈ። ቦምቦሊኖ ያው ዱቄትና ዘይት ነው ብዬ ሦስት በላሁ። አሠራሩን አስጽፌ፣ አንድ ካርቶን ሙሉ አስቋጥሬ ተመለስኩ።

ቤት ስደርስ የንስሐ አባታችን መጥተው ባለቤቴ ብስኩት አቅርባላቸዋለች። ማሸጊያውን አነበብኩ።

«የወተት ዱቄት አለበት እኮ! አባን ልታስገድፊያቸው ነው?» ብዬ ሳህኑን ከፊታቸው አነሳሁና ቦምቦሊኖውን አቀረብኩ። አባ ወደዱት፤ ደገሙም።

ናይሮቢ ተወልዳ ያደገችው ልጄ የአሠራሩን ወረቀት አንስታ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

«ዳዲ፣ አስር እንቁላል ይላል። ቅቤም አለው። ከዛ በአሳማ ስብ ይጠበሳል።»

አባ ማላመጣቸውን አቆሙ። ባለቤቴ ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል ጠየቀቻቸው።

«አባ፣ ብስኩቱን ልመልሰው?»