የእታለም ድድ

በቀደም አዲስ የጥርስ ሳሙና ከፍቼ ከምን እንደተሠራ ካርቶኑ ላይ አነበብኩ። ጥርስ የሚፈገፍገው የላመ ነጭ ድንጋይ ነው፤ አረፋው ከሳሙና፣ ቅዝቃዜው ከናና ይመጣል። ሽታው ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ቆቦ መለሰኝ።

ታላቅ እህቴ ሠርጓ ሲቃረብ፣ ጥርሷ ነጥቶ እንዲታይ ድዷን በእሾህና በጥላሸት ተነቀሰች። በማግስቱ አጎታችን ከደሴ ያመጣልኝን፣ እኔም የምጠቀምበትን የጥርስ ሳሙና ሰጠኋት።

«እታለም፣ ይሄ የበለጠ ያነጣል። ጠበቅ አድርገሽ ፈግፍጊው።»

አመነችኝ። ወዲያው አፏን ይዛ ቁጭ አለች። የተፋችው አረፋ ደምና ጥላሸት ነበር።

ነቃሿ ሴትዮ ተጠርተው መጡ። «ገና ቁስል እኮ ነው! ማነው ይሄን የሰጠሽ?»

«መንገድ ላይ አግኝቼው ነው» አለች እህቴ፣ ወደ እኔ ሳታይ።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው የእኔን አፍ አሸተቱ። «አንቺስ መንገድ ላይ ነው ያገኘሽው?» አሉኝ። አፌን በእጄ ከደንኩ።

«እንግዲህ እንደገና መወጋት ነው» ብለው እሾሃቸውን አወጡ። እህቴ እስኪያበቃ ድረስ እጄን ጨብጣ ቻለችው።

በጋዜጠኝነቴ ስንቱን ሰው «ማን አደረገው?» ብዬ አፋጥጬ ጠይቄያለሁ። እታለም ግን «እኔ ነኝ፣ ይቅር በዪኝ» የሚለውን ቃል ከአፌ ሳትሰማ ሞተች።