ያልጠፋው ወፍጮ

ባለወፍጮው የወፍጮ መኪናውን አጥፍቶ ቢወጣም ጆሮው መጮኹን አያቆምም፤ አንዳንዴ ሳላጠፋው መጣሁ ብሎ ከመንገድ ይመለሳል። መስማቱም ደክሟል። ሚስቱ ዝም ካለችው ቆይታለች፤ ተቀይማኛለች እያለ በሆዱ ይብሰለሰል ነበር።

ሴት ልጁ ሐኪም ቤት ወስዳ የመስሚያ መሣሪያ ያስገጠመችው ዕለት፣ ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታው ኮቱን ታራግፍ ነበር።

«ይሄ ግትር ሽማግሌ፣ ሐኪም ቤትም ከነዱቄቱ ሄደ!»

«ማነው ግትሩ?» አላት።

ደንግጣ ዞረች። «ውይ በሞትኩት! ሰማኸኝ እንዴ?»

«ለካ ታወሪያለሽ!»

«መቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ? ምን አልሽ፣ ምን አልሽ ስትለኝ ሰልችቶኝ ለራሴ ነበር የማወራው።»

የጆሮው ጩኸት ጨርሶ አልጠፋም፤ ጎረቤት እንዳለ ወፍጮ ራቅ አለ እንጂ። ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«በይ እንግዲህ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»